በራሽን እየኖሩ መወፈር? ስለ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ እና ስለ ክብደት መቀነስ

በካምፕ ውስጥ ስለ ክብደት መቀነስ መጻፍ ለብዙ ሰው ቀልድ ሊመስል ይችላል። እኛም ርዕሱን ስናነሳ ከባልደረቦቻችን አንዱ፣ «ወሩ ሳይጋመስ ዱቄት ለሚያልቅበት ሰው ነው ስለ ውፍረት የምትጽፉት?» ብሎ ስቆብናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በማታ ከምናስተምራቸው እናቶችና እህቶች መካከል፣ ራሽናቸው እንደማንኛችንም ሆኖ ሳለ፣ ወገባቸው ከዓመት ዓመት የሚሰፋ፣ የወር አበባቸው ሦስትና አራት ወር የሚጠፋ፣ አገጫቸው ላይ ጠጉር የሚበቅልባቸው አሉ። እነዚህ ሴቶች ሲወፍሩ በሆዳምነት ይታማሉ፤ ልጅ ሲዘገይባቸው ደግሞ መካን ይባላሉ። የምንጽፈው ስለ እነርሱ ነው። እኛ አስተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ትምህርት እንጂ የሐኪም ትእዛዝ አለመሆኑን አንባቢያን እንዲረዱልን እንፈልጋለን።

ከተማሪዎቻችን አንዷ ሁልጊዜ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ከኋላ ትቀመጥ ነበር። ብርድ ነው እንዳንል ካኩማ ውስጥ ብርድ የለም። ካገባች አራት ዓመቷ ሲሆን አልወለደችም። ጎረቤቶቿ ባሏን «ሌላ ፈልግ» ማለት ጀምረዋል። ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዳ የተነገራት ነገር «ወፍረሻል፣ ቀንሺ» የሚል ብቻ ነበር። እንዴት፣ ስንት፣ ለምን የሚል ማብራሪያ የለም። እሷም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መብላት ጀመረች። በሦስተኛው ሳምንት ከውሃ ቧንቧው ወረፋ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ሰውም «አረገዘች» ብሎ እልል አለ። ከዚያ በኋላ የደረሰባትን ሐፍረት አንባቢ ራሱ ይገምተው። ነገሩን ረጋ ብላ ያስረዳቻት በኋላ ያገኘቻት አንዲት አዋላጅ ነርስ ናት። እኛም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሳነው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ችግሩ በሕክምና ቋንቋ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ይባላል። ኦቫሪ ማለት ከማህፀን ግራና ቀኝ የሚገኘው የእንቁላል ዕጢ ነው። ስቴይንና ሌቨንታል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1935 እ.ኤ.አ. በሰባት ሴቶች ላይ ያዩትን ጽፈው ካሳወቁ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። በዛሬው ግምት ልጅ በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ አሥር ሴቶች አንዷ ገደማ ይህ ችግር አለባት፤ አብዛኞቹም እንዳለባቸው አያውቁም። ስለዚህ በሰፈራችን አንዲት ሴት ብቻዋን የተረገመች አይደለችም ማለት ነው።

ስሙ ራሱ ያሳስታል። «ሲስት» ሲባል ብዙዎች በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ዕጢ ወይም የውሃ ከረጢት ይመስላቸዋል። በአልትራሳውንድ የሚታዩት ትንንሽ ነጠብጣቦች ግን አድገው ሳይጨርሱ በመንገድ የቀሩ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። እነርሱን ለማስወጣት ቢላዋ አያስፈልግም፤ ካንሰርም አይደሉም።

ታዲያ ውፍረቱ ከየት ይመጣል? የበላነው እህል በደም ውስጥ ስኳር ይሆናል። ቆሽት የሚባለው አካላችን ኢንሱሊን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ ሥራውም ጡንቻና ሌላውን አካል «ስኳሩን ተቀበል» ብሎ መጥራት ነው። በብዙዎቹ የዚህ ችግር ተጠቂዎች ግን ጡንቻው ጥሪውን ቶሎ አይሰማም። በራሽን ማከፋፈያው በር ላይ ስሙ ሲጠራ የማይሰማ ሰው ሲኖር ጠሪው ምን ያደርጋል? ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ቆሽትም እንዲሁ ኢንሱሊኑን ያበዛል። ጩኸቱ ግን ጥሪውን በደንብ የሚሰማውን ኦቫሪ ይረብሸዋል፤ ኦቫሪውም አንድሮጅን የሚባሉትን የወንድ ሆርሞኖች ከልክ በላይ ያመርታል። እነዚህ ሆርሞኖች በማንኛዋም ሴት ደም ውስጥ በጥቂቱ አሉ፤ ሲበዙ ግን እንቁላሉ እንዳይበስል ያደርጋሉ፣ ብጉር ያወጣሉ፣ አገጭና ደረት ላይ ጠጉር ያበቅላሉ። የበዛው ኢንሱሊን በበኩሉ ስብ በሆድ ዙሪያ እንዲከማች ያግዛል፤ የሆድ ስብ ደግሞ ጡንቻውን ይበልጥ ያደነቁረዋል። አዙሪቱ ይህ ነው። ስንፍናም ሆዳምነትም አይደለም። ቀጫጭን ሆነው ይህ ችግር ያለባቸው ሴቶችም አሉ፤ እነርሱ ክብደት ይቀንሱ አይባልም።

የወር አበባ ስለቀረ ብቻ ግን «ይኼው ነው» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። እርግዝና፣ ማጥባት፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመም፣ ከባድ ጭንቀትና ረሃብ ራሱ የወር አበባን ያስቀራሉ። በካምፓችን ብዙ ሴቶች የሚወስዱት የሦስት ወር መርፌም እንዲሁ የወር አበባን ሊያጠፋና ክብደት ሊጨምር ይችላል፤ መርፌው ከተቋረጠ በኋላም ማርገዝ እስኪቻል ወራት መቆየቱ የተለመደ ነው። ሐኪሞች ሌሎች ምክንያቶች አለመኖራቸውን ካረጋገጡ በኋላ ሦስት ነገሮችን ይመለከታሉ፦ የተዛባ የወር አበባ፣ የወንድ ሆርሞን መብዛት በመልክ ወይም በደም ምርመራ መታየቱ፣ እንዲሁም የኦቫሪው ሁኔታ በአልትራሳውንድ። ከሦስቱ ሁለቱ ከተገኙ ይበቃል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ካሉ አልትራሳውንድ የለም ተብሎ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጃገረዶች ግን አልትራሳውንዱ ስለሚያሳስት አይሠራበትም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱም መገኘት አለባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ክብደቱን መቀነስ ያለባት ሴት ስንት ትቀንስ? መልሱ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ከክብደት ከመቶ 5 እስከ 10 ያህሉን መቀነስ በብዙ ሴቶች ላይ የወር አበባን ለማስተካከልና እንቁላል እንዲበስል ለመርዳት ይበቃል። 80 ኪሎ የምትመዝን ሴት 4 ወይም 8 ኪሎ ብትቀንስ ማለት ነው። እንደ ልጅነቷ ቀጭን መሆን አይጠበቅባትም። በወር አንድ ወይም ሁለት ኪሎ መልካም ፍጥነት ነው። ሚዛን ለሌላት ሴት ክር ይበቃታል፦ ከራስ ቅሏ እስከ ተረከዟ ቁመቷን በክር ትለካ፣ ክሩን ለሁለት ትጠፈው፣ የታጠፈውንም በወገቧ ታዙረው። ካልገጠመላት የሆድ ስቧ በዝቷል፤ ከወር ወደ ወር ክፍተቱ ከጠበበ ደግሞ እየተሳካላት ነው። እርጉዝ ወይም የምታጠባ እናት ግን ይህን ሥራ ለኋላ ታቆየው።

ስለ ምግብ ብዙ ወሬ አለ። ይህን ብቻ ብሉ፣ ያንን ፈጽሞ ተዉ የሚሉ አሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የሐኪሞች መመሪያ ለዚህ ችግር ከሌላው የሚበልጥ አንድ የተለየ የአመጋገብ ዓይነት እንደሌለ ይናገራል። ይህ ለእኛ የምሥራች ነው፤ ምክንያቱም ምርጫችን ጠባብ ነው። ራሽን ሲመጣ በአብዛኛው እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ነው፤ ጎመንና ቲማቲም በገንዘብ ነው። ስለሆነም ባለን ነገር ላይ አከፋፈሉን እንቀይር እንላለን። ክኩና ባቄላው በትሪው ላይ ይብዛ፣ እንጀራው ወይም ኡጋሊው ይነስ። ማሽላው ሳይነፋ ከነገለባው ቢፈጭ ከነጭ ዱቄት ይልቅ ያጠግባል፣ ስኳሩም በደም ውስጥ ቀስ ብሎ ይገባል። ሱኩማ በተገኘ ቀን ወጡ ውስጥ ብዙ ይጨመር።

በአንድ ትሪ ዙሪያ ስንበላ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም፤ ጉርሻም አለ። ገበታ ይለይ አንልም፤ ይህማ ነውር ነው። ነገር ግን ተማሪያችን ያደረገችው ዘዴ ደስ ብሎናል። የእርሷን አንድ እንጀራ ገና ሲቀርብ ከፊቷ ታነጥፋለች፤ እርሱ ሲያልቅ እጇን ታነሳለች፤ ጉርሻ ለሌላው ታጎርሳለች።

ትልቁ ጠላት ግን ትሪው ላይ አይደለም፤ ስኒውና ብርጭቆው ውስጥ ነው። በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የምትጠጣ ሴት 15 የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 60 ግራም ያህል ስኳር ትወስዳለች። በዚህ ላይ ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ይጨመራል። ከገበያ የሚገዛ 300 ሚሊ ሊትር ሶዳም ሰባትና ስምንት ማንኪያ ስኳር አለው። ቡናውን ተዉ የሚል ሰው እኛን አይወክልም፤ ስኳሩን በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ ቀንሱ ነው የምንለው። ምላስ በአንድ ወር ውስጥ ይለምዳል። ዘይትም እንዲሁ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ዘይቱን ከጀሪካኑ በቀጥታ ድስት ላይ ከማንቆርቆር በማንኪያ መለካት ለወገብም ለወሩ መጨረሻም ይጠቅማል። ማንዳዚ ግን ዱቄትም ስኳርም ዘይትም ስለሆነ የበዓል ምግብ ይሁን።

ጾም ክብደት ይቀንሳል ብለው የሚያስቡ አሉ። የሚቀንሰው በማታው ገበታ ላይ ካልተካካሰ ነው። ቀኑን ሙሉ ጾሞ በዳቦ፣ በጣፋጭ ሻይና በሳምቡሳ መፍታት፣ የክርስቲያኑም ሆነ የሙስሊሙ ጾም ቢሆን፣ ለዚህ ችግር አይረዳም። የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከመጾሟ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ።

እንቅስቃሴን በተመለከተ፣ ጡንቻ ሲሠራ የደነቆረ ጆሮው ይከፈታል፤ ኪሎ ባይቀንስ እንኳ ኢንሱሊኑ በተሻለ ይሠራል። መመሪያው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይላል፤ ክብደት ለመቀነስ ወደ 250 ደቂቃ ቢጠጋ ይመረጣል። አምስት ቀን፣ በቀን ሃምሳ ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ማለት ነው። «ውሃ እንቀዳለን፣ ልብስ እናጥባለን፣ ምን ሌላ ፈለጋችሁ?» የሚሉን አሉ፤ እውነት ነው፣ እርሱም ይቆጠራል። ነገር ግን ወረፋ ላይ መቀመጥ አይቆጠርም። ፀሐይ ሳትበረታ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ሦስትና አራት ሆኖ በብሎኮች መካከል መመላለስ ይቻላል። ብቻን ወደ ላጋው መውረድን አንመክርም፤ ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ በግቢ ውስጥ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቶ በየእጁ ማንሳትና ማውረድ፣ ከበርጩማ ላይ እጅ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ ጡንቻ ያበረታል።

የሚጎዱ አቋራጮችም አሉ። የሚያስቀምጥ መድኃኒት ወይም ኮሶ ጠጥቶ ሆድን ማጠብ የሚያወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም፤ በዚህ ሙቀት ላይ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። በተቃራኒው መወፈር ቁንጅና ነው ተብሎ በገበያ በምስጢር የሚሸጡ የማወፈሪያ ክኒኖች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ዴክሳሜታዞን ነው፤ ፊትን ያሳብጣል፣ የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ የወር አበባን ያዛባል። ለረጅም ጊዜ ስትወስደው የቆየች ሴት ግን በድንገት ማቆሙም አደገኛ ስለሆነ ለሐኪም ትንገር።

የሐኪም መድኃኒቶችን በአጭሩ እንጥቀስ። ሜትፎርሚን ኢንሱሊኑ እንዲሰማ ይረዳል፤ በትንሽ መጠን ተጀምሮ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፣ መጀመሪያ ላይ ሆድ ሊረብሽ ይችላል፣ ብቻውን ግን ብዙ አያከሳም። መውለድ ለማትፈልግ ሴት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የወር አበባን ያስተካክላል፣ ጠጉሩንም በጊዜ ብዛት ይቀንሳል። ማርገዝ ለምትፈልግ ሌትሮዞል የሚባል እንቁላል የሚያበስል መድኃኒት አለ፤ ይህ ያለ ሐኪም ክትትል አይወሰድም። የጎረቤትን ክኒን መዋጥ ደግሞ ለማንም አይበጅም። አንድ ነገር ልብ ይባል፦ የወር አበባ ስለጠፋ ብቻ አላረግዝም ማለት አይቻልም፤ እንቁላሉ ሳይታሰብ ሊበስል ይችላል።

የወር አበባ ከሦስት ወር በላይ ከቀረ፣ ሴትየዋ ልጅ ባትፈልግም እንኳ ክሊኒክ መሄድ አለባት። የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ሳይታጠብ ሲቆይ ይወፍራል፤ በዓመታት ብዛትም ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። የስኳር በሽታም በእነዚህ ሴቶች ላይ ስለሚበዛ የደም ስኳርና የደም ግፊት መለካት ይገባል። ያረገዘች እንደሆነ ለአዋላጇ አስቀድማ ትንገር፤ የእርግዝና ስኳር ይጠበቃልና።

ወደ ክሊኒክ ስትሄዱ ጊዜ አጭር ነው፤ ስለዚህ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። የወር አበባ የመጣበትን ቀን ሁሉ በደብተር ጻፉ፤ መጻፍ የማትችል ልጇ ወይም እኛ እንጽፍላታለን። የሦስት ወር መርፌ የወሰዳችሁበትን ቀን፣ የምትውጡትን ክኒን፣ በቤተሰብ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው መኖሩን ተናገሩ። አስተርጓሚው ወንድ ወይም የሰፈር ሰው ሆኖ ካሳፈራችሁ ሴት አስተርጓሚ እንድትመጣላችሁ ለመጠየቅ አትፍሩ። ባል ያላችሁም ባሎቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ልጅ ሲጠፋ ምክንያቱ የወንዱ ዘር የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ የእርሱ ምርመራም ከሴቷ ይልቅ ቀላል ነው።

ተማሪያችን በሰባት ወር 5 ኪሎ ቀንሳለች። የወር አበባዋ በየአርባ ቀኑ ገደማ መምጣት ጀምሯል፤ በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ በቀይ ስክሪፕቶ ታከብበዋለች። እስካሁን አላረገዘችም። ባሏም ብዙ ካንገራገረ በኋላ ባለፈው ወር ተመርምሮ ውጤቱን በመጠበቅ ላይ ነው። እሷ አሁን በሁለተኛው ረድፍ ትቀመጣለች።