510510፦ ከቤዝቦል ሜዳ የተገኘ ቁጥር

መጋቢት 30 ቀን 1966 ዓ.ም. (ኤፕሪል 8 ቀን 1974) ማታ፣ ሃንክ አሮን በአትላንታ ፉልተን ካውንቲ ስታዲየም ኳሷን መትቶ ከአጥሩ አሻገራት። ቤዝቦል ወዳጆች ሆም ራን የሚሉት ይህ ምት ለአሮን 715ኛው ነበር። ቤብ ሩት ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስሙ ይዞት የቆየው የ714 ክብረ ወሰን ተሰበረ። ጥቁሩ አሮን ወደዚያ ቁጥር ሲጠጋ የጥላቻና የግድያ ዛቻ ደብዳቤ ይጎርፍበት ስለነበር ድሉ ከስፖርትም ያለፈ ነው።

እዚያው ጆርጂያ ግዛት፣ አቴንስ ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ወጣቱ የሒሳብ ሊቅ ካርል ፖሜራንስ ደግሞ ሁለቱን ክብረ ወሰኖች አባዛቸው፦ 714 × 715 = 510510።

ብቸኛ ቁጥር የምንለው ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለውን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እና 17 ናቸው። ሰባቱ ሲባዙ ውጤቱ ልክ 510510 ነው፤ ስለዚህ በሰባቱም ያለ ቀሪ ከሚካፈሉት ቁጥሮች ትንሹ እርሱ ነው። አካፋይ ስንሠራ እያንዳንዱን ብቸኛ ቁጥር ልንወስድ ወይም ልንተው እንችላለን፤ 2 ሰባት ጊዜ ሲባዛ 128 ስለሚሆን አካፋዮቹ 128 ናቸው። 510 ሁለት ጊዜ መጻፉም ምክንያት አለው። 7 × 11 × 13 = 1001 ነው፤ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር በ1001 ሲባዛ ራሱን ይደግማል። የቀሩት 2፣ 3፣ 5 እና 17 ደግሞ ሲባዙ 510 ይሰጣሉ።

ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ተባዝተው የመጀመሪያዎቹን ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት የሰጡት 2፣ 6፣ 30፣ 210 እና 510510 ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ እስካሁን አልተገኘም።

የፖሜራንስ ባልደረባ የ714 እና የ715ን ነገር ክፍል ውስጥ በጥያቄ ሲያነሣው አንድ ተማሪ ሌላ ነገር አስተዋለ። 714 = 2 × 3 × 7 × 17፣ 715 = 5 × 11 × 13። ብቸኛ ቁጥሮቹን በየወገናቸው ብንደምር ሁለቱም 29 ናቸው። እንዲህ ያሉ ጎረቤታሞች ዛሬ «የሩት–አሮን ጥንዶች» ይባላሉ። 77 እና 78ም ከእነሱ ናቸው፤ 7 + 11 እና 2 + 3 + 13 እኩል 18 ይሆናሉ።

ፖሜራንስ በአንድ ጽሑፍ፣ ቁጥሮች እየተለቁ ሲሄዱ ጥንዶቹ እጅግ እየሳሱ እንደሚሄዱ ገመተ። ሃንጋሪያዊው ስመ ጥር ሊቅ ፖል ኤርዶሽ ጽሑፉን አንብቦ፣ ግምቱን ማረጋገጥ እንደሚችል አሳወቀው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ከ20 በላይ ጥናቶችን አብረው ጻፉ። በ1995 እ.ኤ.አ. አትላንታ የሚገኘው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ለኤርዶሽና ለአሮን የክብር ዶክትሬት ሰጠ፤ ሁለቱም በአንዲት የቤዝቦል ኳስ ላይ ፈረሙ።

ጥንዶቹ ማለቂያ ይኑራቸው አይኑራቸው ግን ዛሬም አልተረጋገጠም። ማባዛትና መደመር የሚችል ተማሪ ሁሉ የሚረዳውን ይህን ጥያቄ መምህራን ወደ ክፍል ይዘውት ቢገቡ፣ ልጆቻችን ሒሳብ ገና ያልተጨረሰ ሥራ መሆኑን በእጃቸው ይጨብጡታል።