ልጆች ሲተኙ የሚከፈት ዩኒቨርሲቲ

ዩኒቨርሲቲ የወጣት ቦታ ነው ይባላል። በአሥራ ስምንት ዓመት መግባት፣ በሃያ ሁለት መውጣት። አንዲት ሴት ባሏ ሞቶባት ወይም ተፋታ ልጆቿን ብቻዋን እያሳደገች፣ «ትምህርቴን ልቀጥል» ብትል ጎረቤት ምን ይላል? «አሁን በዚህ ዕድሜዋ! ደግሞስ ልጆቿን ማን ያበላላታል?» ይላል።

በዕድሜዋ የተናገሩት ሐሜት ነው፤ እንለፈው። ሁለተኛው ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው። ልጆቹን ማን ያበላል? ውኃውን ማን ይቀዳል? ልጅ ቢታመም ማን ያስታምማል?

ይህ ጥያቄ የተነሣው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በብሪታንያም፣ እኛ በተለምዶ እንግሊዝ በምንላት አገር፣ ተነሥቷል። ዛሬ የምንነግራችሁ እዚያ ስለተገኘው አንድ መልስ ነው። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፈነዋል።

በ1963 ዓ.ም. በብሪታንያ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ወደ 620 ሺህ ይጠጉ ነበር። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ያሉት ልጆች አንድ ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ከወላጆቹ የሚበዙት እናቶች ናቸው። አንዷ ባሏ ሞቶባት፣ አንዷ ተፋታ፣ አንዷ ሳታገባ ወልዳ። ብሪታንያ ሀብታም አገር ናት ስንል እነዚህንም እናስታውስ። ቀን ሠርታ፣ ማታ አብስላ፣ ልጆቿን አስተኝታ የምትቀመጥ ሴት እዚያም ሞልታለች። ብዙዎቹ ትምህርት ያቋረጡት ገና በአሥራ አምስት ዓመታቸው ነበር።

ለእነዚህና ለመሰሎቻቸው ደጅ እንዲከፈት ከታገሉት ሰዎች መካከል ወይዘሮ ጄኒ ሊ አንዷ ናቸው። የተወለዱት በ1897 ዓ.ም. በስኮትላንድ ነው። አባታቸው የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። ጄኒ ሊ በ1921 ዓ.ም. የፓርላማ አባል ሆነው ሲመረጡ ዕድሜያቸው 24 ዓመት ነበር። ነገሩ ያስቃል። በዚያ ምርጫ ሴት ሠላሳ ዓመት ካልሞላት ድምፅ አትሰጥም ነበር። እሳቸው ተመረጡ እንጂ መምረጥ አይችሉም ነበር!

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ቆይተው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሃሮልድ ዊልሰን አንድ ሐሳብ አመጡ። ሰው ቤቱን ሳይለቅ፣ ሥራውን ሳይተው የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ይቋቋም አሉ። ሥራውንም ለወይዘሮ ጄኒ ሊ ሰጡ። ብዙ ሰው አፌዘ። በሬዲዮና በፖስታ ዩኒቨርሲቲ የት አለ ተባለ። ወይዘሮዋ ግን በአንድ ነገር አልተበገሩም። ለድኻ ተብሎ ዝቅ ያለ ትምህርት አይሰጥም፤ ዲግሪው ከሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዲግሪ እኩል መሆን አለበት አሉ። በ1961 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው በሕግ ቆመ። በጥር 1963 ዓ.ም. አካባቢ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ትምህርት ጀመሩ። ቁጥራቸው ከ20 ሺህ በላይ ነበር። ስሙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ይባላል፤ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው።

ክፍት የተባለው በምክንያት ነው። ልማር ብሎ የመጣን ሰው «ስንተኛ ክፍል ጨርሰሃል? ወረቀትህ የት አለ?» ብሎ አይጠይቅም። በዚያን ጊዜ የሚጠየቀው 21 ዓመት መሙላት ብቻ ነበር። ይኸ ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ የተገላቢጦሽ ነው። ሌሎቹ ልጅ ይፈልጋሉ፤ ይኸኛው አዋቂ ፈለገ።

ትምህርቱ እንዴት ይደርስ ነበር? በፖስታ ይመጣ ነበር። ለአንድ ሳምንት የሚበቃው ትምህርት ተለይቶ በቀጭን መጽሐፍ ይታተም ነበር። ተማሪዋ አንብባ መልሷን ጽፋ በፖስታ ትልክ ነበር። መምህሩ አርሞ፣ በዳር በዳሩ «እዚህ ጋ እንደገና አስቢበት» እያለ ጽፎ ይመልስ ነበር። በየከተማው ተማሪዎች ከመምህር ጋር የሚገናኙበት ጣቢያም ነበር። ቢቢሲ የተባለው ጣቢያ ደግሞ ትምህርቱን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ያስተላልፍ ነበር። በኋላ ዓመታት ሰዓቱ ወይ እኩለ ሌሊት ወይ ጎሕ ሲቀድ ሆነ። ቀን ቀን ጣቢያው ለሌላ ይፈለግ ነበርና።

ሳይንስ የምትማር ሴት ቤተ ሙከራ የላትም። ታዲያ ቤተ ሙከራው በሣጥን ታሽጎ ቤቷ ድረስ ይላክላት ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ዓይን የማያየውን ጥቃቅን ነገር የሚያሳይ ትንሽ ማይክሮስኮፕ ነበረበት። እራት የተበላበት ጠረጴዛ ይጠረግና ቤተ ሙከራ ይሆናል። ጠዋት ደግሞ ተመልሶ የቁርስ ጠረጴዛ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ እናት ከሁሉ የጠቀማት ሬዲዮው አይመስለንም፤ ማይክሮስኮፑም አይደለም። የጠቀማት የአቆጣጠሩ ዘዴ ነው።

በተለመደው ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ ሦስት ወይም አራት ዓመት በተከታታይ ይሄዳል። መሐል ላይ ማቋረጥ ጣጣው ብዙ ነው። በክፍት ዩኒቨርሲቲ ግን ትምህርቱ እንደ ዳቦ ተቆርሷል። በዚያን ጊዜ አንድ ዓመት ተምራ ስታልፍ አንድ ቁራሽ ይያዝላት ነበር። ስድስት ቁራሽ ሲሞላ ዲግሪ ትቀበል ነበር። ልጇ በጠና ቢታመም፣ ሥራዋን ብታጣ፣ አንድ ዓመት ታርፋለች። ያለፈችው አይሰረዝባትም። በሚቀጥለው ዓመት ካቆመችበት ትነሣለች። እንዲህ እያሉ ስድስት ዓመት፣ አንዳንዴም አሥር ዓመት የፈጀባቸው አሉ። ትምህርት ሲጀምሩ አፉን የፈታ ልጅ፣ እናቱ ስትመረቅ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ሊሆን ነው።

ሁሉ ነገር አማረ ማለታችን አይደለም። እንዳለ እንንገራችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ከገቡት ውስጥ ሴቶቹ ከሦስት አንድ እንኳን አይሞሉም ነበር። በብዛት የገቡት ሰዎች መምህራን ነበሩ። ደጁ የተከፈተላቸው የማዕድን ቆፋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ግን ጥቂት ነበሩ። በር መክፈት አንድ ነገር ነው፤ ሰው በሩ ለእኔ ተከፈተ ብሎ እንዲያምን ማድረግ ሌላ ነገር ነው። የሴቶቹ ቁጥር እያደገ ሄዶ ከወንዶቹ ጋር ለመስተካከል ብዙ ዓመት ወስዷል።

ሌላም ችግር ነበረ። በጀማሪዎቹ ትምህርቶች ተማሪ ሁሉ በክረምት ለአንድ ሳምንት ከቤቱ ወጥቶ፣ ከመምህራንና ከሌሎች ተማሪዎች ጋር አብሮ መኖር ግዴታው ነበር። ባል ወይም እናት ላላት ሴት ይኸ ሳምንት ዕረፍት ነው። ብቻዋን ለምታሳድግ ግን የዓመቱ ከባድ ሳምንት ነው። ልጆቹን ለማን ትስጥ? እኅት ከሌላት፣ ጎረቤቷ እሺ ካላላት፣ ዓመቱን ሙሉ ማታ ማታ ያነበበችው በዚህ ሳምንት ሊሰናከልባት ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ልጅ አስተኝተው የሚያጠኑ እንዳልነበሩ ከዚህ ይታወቃል።

የቤት ጠብም ነበር። ዊሊ ረስል የተባለው የእንግሊዝ ደራሲ በአሥራ አምስት ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ የሴቶች ፀጉር ሠሪ ሆኖ ነበር። ሃያ ዓመት ከሞላው በኋላ ነው ወደ ትምህርት የተመለሰው። በ1972 ዓ.ም. ስለ አንዲት ፀጉር ሠሪ ሴት ቲያትር ጻፈ። ሴትዮዋ በክፍት ዩኒቨርሲቲ መማር ትጀምራለች። ባልዋ ተናዶ መጽሐፎቿን ያቃጥልባታል። ቲያትሩ የተፈጠረ ታሪክ ነው። ሕዝቡ ግን የወደደው የሚያውቀውን ነገር ስላየበት ነው።

ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ የእኛም አገር ሰዎች ተምረዋል። አቶ መለስ ዜናዊ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሕክምና መማር ጀምረው ነበር፤ አቋርጠው በረሃ ገቡ። በኋላ አገር እየመሩ፣ በፈረንጆች 1995፣ ከክፍት ዩኒቨርሲቲ በሥራ አመራር የማስተርስ ዲግሪ ተቀበሉ። ስለ ፖለቲካቸው ሰው የተለያየ ይላል፤ እኛ የምናነሣው ትምህርቱን ብቻ ነው። እርግጥ እሳቸው ማታ ማታ እንጀራ የሚጋግሩ አልነበሩም።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ልጅ አዝለው ፊደል የቆጠሩ እናቶችን ከእናንተ ውስጥ የሚያስታውስ አይጠፋም። ልጁ ሲያለቅስ እናቲቱ ተነሥታ እያባበለች፣ ዓይኗን ከሰሌዳው ሳትነቅል ነበር የምትማረው። ከፊደል እስከ ዩኒቨርሲቲ መንገዱ ረዥም ነው። ጀርባ ላይ ያለው ልጅ ግን ያው ልጅ ነው።

የክፍት ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ወዲህ በሌሊት ቴሌቪዥን አይተላለፍም። አሁን በኢንተርኔት ይደርሳል። ከተመሠረተ ጀምሮ ያስተማራቸው ሰዎች ከሁለት ሚሊዮን በልጠዋል። ያ በክረምት ከቤት የሚያስወጣው ሳምንትም ለአብዛኛው ትምህርት ቀርቷል። ልጆቿን ለማን ልስጥ የምትለው እናት አሁን ከቤቷ ሳትወጣ መጨረስ ትችላለች።