ደላላው ወደ ዳገት የማይነዳበት ምክንያት

ይሄ በእኛ መካከል ይቅር። ገንዳ ውሃ ወይም መተማ ዮሐንስ ላይ ቶዮታ ቪትዝ ልትገዛ ስትል ደላላው ኮፈን ከፍቶ «ቪቪቲ-አይ» የሚለውን ጽሑፍ ያሳይሃል። «ጉልበት ይጨምራል» ይልሃል። አልዋሸም። የት ላይ እንደሚጨምር ግን አይነግርህም።

በድሮው ሞተር ካምሻፍቱ ቫልቮቹን የሚከፍትበትና የሚዘጋበት ቅጽበት አይቀየርም። ዙሩ ዝቅ ሲል የአየር መግቢያው ቫልቭ ቶሎ ካልተዘጋ፣ ወደ ላይ የሚመለሰው ፒስተን የገባውን አየር መልሶ ይገፋዋል፤ ቶርክ ይሞታል። ዙሩ ሲበዛ ነገሩ ይገለበጣል፦ አየሩ እየጎረፈ ስለሚመጣ ፒስተኑ መመለስ ከጀመረም በኋላ መግባቱን አያቆምም፤ ቫልቩ ዘግየት ቢል ይሻላል። መሐንዲሱ አንዱን መርጦ ሌላውን ይተው ነበር። ቶዮታ በፈረንጆቹ 1995 በክራውን ላይ ያመጣው ቪቪቲ-አይ ሞተሩ እየሠራ ሳለ የመግቢያውን ካምሻፍት በዘይት ግፊት ያስቀድመዋል፣ ያዘገየዋል።

የመጀመሪያዋ ባለ 1 ሊትር ቪትዝ ከፍተኛውን ቶርክ፣ 95 ኒውተን ሜትር፣ የምትሰጠው በ4,000 ዙር ነው። 70 የፈረስ ጉልበቷ የሚገኘው ግን በ6,000 ነው፤ እዚያ ቶርኩ ወደ 82 ወርዷል፣ ጉልበቱ የበለጠው ቶርክ በዙር ስለሚባዛ ነው። ሰውና ሰሊጥ ጭኖ በ6,000 ዙር የሚነዳ ማነው? ዳገት የሚያወጣህ መካከለኛው ዙር ላይ ያለው ቶርክ ነው።

አሁን ወደ ምስጢሩ እንግባ። ዘይቱን የሚመራው ትንሹ ቫልቭ በቆሻሻ ሲታፈን ካምሻፍቱ ዘግይቶ ይቀራል። መኪናው ቆሞ ሲሠራ ምንም አይሰማህም፤ ሜዳም ላይ ይሄዳል። መተማ ደግሞ ሜዳ ናት፤ ከፍታዋም ወደ 700 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየር አይቸግርም። ስለዚህ ደላላው ወደ ኮኪት ያንሸራሽርሃል እንጂ ወደ አይከል አያወጣህም። አይከል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ጤነኛውም ሞተር እዚያ ከመተማው ጋር ሲነጻጸር ከአሥር በመቶ በላይ ጉልበት ያጣል፤ ቪቪቲ የሌለ አየር አይፈጥርም። የታመመው ግን ዳገቱ ሳይጋመስ ማርሽ ቀንስልኝ ይላል። ደላላው ወደ ዳገቱ ላለመውጣት «ነዳጅ የለውም» ካለህ አንተው ቅዳ።

ጠዋት በማለዳ ሂድና ኮፈኑን ዳስስ። ከሞቀ፣ ሻጩ ቀድሞህ አስነስቶታል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ቢንኳኳ ካምሻፍቱን የሚያዞረው ክፍል ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ውድ ነው።

«ቆላ ስለሆነ ወፍራም ዘይት ጨምርበት» የሚልህን መካኒክም እለፈው። ለአሮጌ አይሱዙ ያስኬድ ይሆናል። ቪቪቲ ግን የሚታዘዘው በዘይት ነው፤ ዘይቱ ከወፈረበት ይዘገያል፣ ከቆሸሸበት ይቆማል።

ችግሩ ትንሹ ቫልቭ ብቻ ከሆነ ደስ ይበልህ። ፈትቶ ወንፊቱን ማጠብ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ደላላው ግን ይህን እንደምታውቅ ሳያውቅ ዋጋውን አስቀንስ።