ከዓይን ቆብ ሥር

በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ጥበበ ፈውስን የሚማር ደቀ መዝሙር፣ ከወላይታ ዞን ገጠሮች ዓይኑን እያሸ የመጣ ሕፃን በፊቱ በቀረበ ጊዜ፣ ቅላቱንና የዓይን አሩን ብቻ አይቶ ጠብታ ለማዘዝ ከመቸኮሉ አስቀድሞ፣ እጁን ታጥቦ የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጦ መመርመር ይገባዋል፤ በአካባቢው ብዙዎችን ብርሃነ ዓይን ያሳጣው ትራኮማ የሚገለጠው በዚያ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ባወጣው መለያ መሠረት፣ በቆቡ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቢያንስ ግማሽ ሚሊሜትር የሚሆኑ 5 ወይም ከዚያ በላይ ፍሬዎች ከታዩ ደዌው ገና እየሠራ ነው።

ደዌው በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ እየተላለፈ ለዓመታት ሲመላለስ ቆቡ ጠባሳ ይዞ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ ያጨልመዋል። እናቶቻችን ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ የሚኖሩት በዚህ ሥቃይ ነው፤ ሕፃናትን የሚያቅፉና የሚያጥቡ እነርሱ በመሆናቸውም ደዌው ከወንዶች ይልቅ ይበዛባቸዋል።

ፈውሱ ግን ሩቅ አይደለም፤ ለጀማሪው ደዌ በአፍ የሚወሰድ አዚትሮማይሲን ወይም ለ6 ሳምንት የሚቀባ ቴትራሳይክሊን፣ ለታጠፈው ቆብ አጭር ቀዶ ሕክምና፣ ለሁሉም የፊት ንጽሕናና መጸዳጃ ቤት። የጨለመ ብሌን ግን በእነዚህ አይመለስምና፣ ሽፋሽፍቷ የሚወጋት እናት ያለቻችሁ ሁሉ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።