ጠብቆና ላልቶ

ማይክሮፎን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚቀመጡ ወጣቶች ብዙዎቹ ጥርት አድርጎ መናገር ማለት ድምፅን ከፍ ማድረግ ይመስላቸዋል። ሌሎቹ ከእንግሊዝኛ የሥልጠና ጽሑፍ «አርቲኩሌሽን» የሚለውን ይዘው ይመጣሉ፤ ከንፈርና ምላስን ማፍታታት፣ የቃሉን መጨረሻ አለመዋጥ። ይህም ይጠቅማል። የአማርኛ ዜና አንባቢን የሚጥለው ግን ፊደላችን የማያሳየው መጥበቅና መላላት ነው።

እዚህ ባሕር ዳር ደጋግመን የምናነበውን ልውሰድ፦ «የጣና ዋና ስጋት እምቦጭ ነው»። «ና» ከላላች ነገሩ ወደ ዋናተኞች ይሄዳል። «አረሙ ገና አልተነቀለም» ሲል «ና»ን ያጠበቀ ደግሞ በዓሉን ጠርቷል። አድማጭ ከአገባቡ ገምቶ ያቃናዋል ይባላል። እውነት ነው፤ እሱ ያለፈውን ሲያቃና ግን የሚቀጥለው ዜና ያመልጠዋል። መጽሐፍ የያዘ ሰው ገጹን መልሶ ያያል፣ ሬዲዮ የከፈተ አይችልም። አገባብ የማያድንበትም አለ። በስፖርት ዜና «አጥቂው ይመታል» ስንል «መ» እና «ታ» ከጠበቁ መቺው ተመቺ ሆኖ ያርፋል።

ይህ ነገር የጎጃሙን ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁን አሳስቧቸው ነበር። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ጠብቀው በሚነበቡ ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አኖሩ። ልማዱ አለመስፋፋቱ ይቆጨኛል። ያንኑ መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮታል። ጀማሪዎችን ትረካውን ደጋግማችሁ ስሙ የምላቸው ለድምፁ ውበት ብቻ ብዬ አይደለም፤ የቱን ፊደል አጥብቆ የቱን እንዳላላ ልብ እንዲሉ ነው።

ፊደል የማያሳየውን በጆሮ መያዝን የአብነት ትምህርት ቤት ቀድሞ ያውቃል። ፊደል የለየ ልጅ በግእዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ያልፋል፤ የቃሉ አነባበብ ተነሽ ይሁን ተጣይ፣ ሰያፍ ይሁን ወዳቂ፣ ከመምህሩ አፍ ሰምቶ ይይዛል። በጣና ዳር ገዳማት አጠገብ ያደጉ ልጆች ይህን ጆሮ ይዘው ወደ ስቱዲዮ ሲመጡ ሥራችን ይቀላል። የዘመናዊው ትምህርት ቤት ተማሪ ግን ጮክ ብሎ አንብቦ የሚታረምበት ጊዜ እየጠበበበት ነው።

የዜና አዘጋጆችን አጥብቄ እለምናለሁ፦ ጽሑፉን አየር ላይ ሊገባ ደቂቃ ለቀረው አንባቢ አትስጡ። ቀደም ብሎ ይድረሰውና ጮክ ብሎ ያንብበው፤ በሚጠብቁት ፊደላት ላይም በእርሳስ ነጥብ ያኑር።