ሁለተኛው ኮር የት ገባ? ዊንዶውስ ኤክስፒና ባለ ብዙ ኮር ፕሮሰሰር

በሳይንስ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ዕድሜያቸው የገፋ ኮምፒዩተሮች ከመለኪያ መሣሪያዎቻቸው ጋር ተሳስረው ሲኖሩ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ ስፔክትሮሜትር በጥንቃቄ ከተያዘ ለሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል፤ መሣሪያውን የሚያዝዘው ካርድና ሶፍትዌር ግን ለዊንዶውስ ኤክስፒ ብቻ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። አምራቹ ለአዳዲሶቹ ስርዓተ ክወናዎች የሚሆን ድራይቨር ካላዘጋጀ፣ ቤተ ሙከራው ያለው ምርጫ ውድ መሣሪያውን መተው ወይም ኤክስፒን ይዞ መቆየት ነው።

እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ሲንቀራፈፍ በቅድሚያ የሚታሰበው ፕሮሰሰሩን መለወጥ ነው። ማዘርቦርዱ የሚቀበል ከሆነ ባለ አንድ ኮሩ ወጥቶ ባለ ሁለት ኮር ይገባል። ኮምፒዩተሩ ያለ ችግር ይነሣል። ይሁን እንጂ ታስክ ማኔጀር ሲከፈት አሁንም አንድ ግራፍ ብቻ ሊታይ ይችላል። ሁለተኛው ኮር በቺፑ ላይ አለ፣ ኤሌክትሪክም ይደርሰዋል፤ ሥራ የሚሰጠው ግን የለም። ይህ ለምን እንደሚሆን መመርመር ስለ ኤክስፒ ብቻ ሳይሆን በአጠቃላይ ስለ ስርዓተ ክወና ብዙ የሚያስተምር ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። አንድ ፕሮሰሰር የሚያባክነው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬና ከፍሪኩዌንሲው ጋር ይመጣጠናል። ፍሪኩዌንሲውን ለመጨመር አብዛኛውን ጊዜ ቮልቴጁንም ከፍ ማድረግ ስለሚያስፈልግ፣ ሙቀቱ ከፍጥነቱ እጅግ በበለጠ መጠን ያድጋል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. 4 ጊጋኸርዝ ይሆናል የተባለውን ፔንቲየም 4 የሰረዘው በዚሁ ግድግዳ ላይ ደርሶ ነው። በተከታዩ ዓመት ኢንቴል ፔንቲየም ዲን፣ ኤኤምዲ ደግሞ አትሎን 64 ኤክስ 2ን ለገበያ አቀረቡ፤ ሁለቱም ባለ ሁለት ኮር ነበሩ። ኤክስፒ ግን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ኤክስፒ ሁለት ኮር ማሠራት አይችልም ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ኤክስፒ የሚወለደው ከዊንዶውስ ኤንቲ ሐረግ ነው፤ ኤንቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ከአንድ በላይ ፕሮሰሰሮችን እንዲያስተዳድር ታስቦ የተሠራ ነበር። በዚህ ረገድ ምንም ተስፋ የሌለው ዊንዶውስ 98 ነው። የኤክስፒ ሆም ፈቃድ አንድ ፕሮሰሰር፣ የፕሮፌሽናል ደግሞ ሁለት ፕሮሰሰሮች ብቻ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የሚቆጠረው በማዘርቦርዱ ላይ የተሰካው ቺፕ እንጂ በውስጡ ያለው ኮር ስላልሆነ፣ ሆምም ቢሆን በባለ ሁለት ኮር ቺፕ ላይ በሁለቱም ይሠራል።

እንግዲያው እንቅፋቱ ያለው በአጫጫኑ ላይ ነው። የኤክስፒ ሲዲ የያዘው አንድ ከርነል ብቻ አይደለም፤ ለአንድ ፕሮሰሰርና ለብዙ ፕሮሰሰሮች የተለያዩ ከርነሎች አሉት። ከከርነሉ በታች ደግሞ የሃርድዌሩን ልዩነት የሚሸፍን ሃል የሚባል ንብርብር አለ፤ እርሱም በዓይነት በዓይነቱ ነው። ኤክስፒ ሲጫን ማሽኑን ይመረምርና ከነዚህ መካከል ተስማሚ መስሎ የታየውን መርጦ ያስቀምጣል። በዚያን ቀን የነበረው አንድ ኮር ከሆነ፣ የተመረጠው ከርነል ሌላ ኮር ሊኖር ይችላል ብሎ አይጠይቅም።

ለምን ሁለት ዓይነት ከርነል አስፈለገ? አንድ የዕቁብ መዝገብ እናስብ። በመዝገቡ ላይ 700 ብር ተጽፏል። ሁለት ጸሐፊዎች ከሁለት አባላት መቶ መቶ ብር ተቀበሉ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ መዝገቡን አይተው 700 የሚለውን አነበቡ፤ ሁለቱም 100 ደምረው 800 ብለው ጻፉ። መዝገቡ 900 ማለት ሲገባው 800 ይላል። መቶ ብር ጠፋ፤ ሌባ ግን የለም። መፍትሔው አንዱ ጸሐፊ ጨርሶ እስኪነሣ ሌላው እንዲጠብቅ መዝገቡን መቆለፍ ነው። የብዙ ፕሮሰሰር ከርነል እንዲህ ባሉ ቁልፎች የተሞላ ነው። ጸሐፊው አንድ ብቻ ሲሆን ግን መቆለፍና መክፈት ከንቱ ድካም ነው፤ በሥራው መሐል የሚያቋርጠው እንዳይኖር ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። አብዛኛው ኮምፒዩተር ባለ አንድ ፕሮሰሰር በነበረበት ዘመን ቁልፍ የሌለበት ቀላል ከርነል ማዘጋጀት ተገቢ ውሳኔ ነበር ብለን እናምናለን። ቁልፍ የሌለው ከርነል በሁለት ኮሮች ላይ ቢለቀቅ ምን እንደሚከተል አንባቢው ከዕቁቡ ምሳሌ ይረዳዋል።

አሁን ወደ ተግባሩ እንለፍ። በቅድሚያ የዲስኩ ሙሉ ቅጂ ሊወሰድ ይገባል፤ ይህ ምክር የሚታለፍ አይደለም። ከዚያ በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ኮምፒዩተር በሚለው ሥር የተጻፈውን ስም ማየት ነው። ኤሲፒአይ መልቲፕሮሰሰር ፒሲ የሚል ከሆነ ነገሩ አልቋል። ኤሲፒአይ ዩኒፕሮሰሰር ፒሲ የሚል ከሆነ፣ አፕዴት ድራይቨር በሚለው ገብቶ፣ ከዝርዝሩ መልቲፕሮሰሰር የሚለውን መርጦ ኮምፒዩተሩን እንደገና ማስነሣት ነው። አንዳንድ ጊዜ ኤክስፒ አዲሱን ፕሮሰሰር ራሱ ለይቶ ይህን ያደርገዋል። የተጻፈው ስም ከሁለቱ ውጭ ከሆነ ግን በእጅ መለወጥ አደገኛ ነው፤ ያ ሃል በአሮጌው የኢንተራፕት መቆጣጠሪያ ላይ የቆመ ሊሆን ስለሚችል ኮምፒዩተሩ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። በዚህ ጊዜ ኤክስፒን እንደገና መጫን ይሻላል።

አሮጌ ማሽን የሌለው ተማሪ ይህንኑ በቨርቹዋልቦክስ ሊሞክረው ይችላል። ኤክስፒን በአንድ ኮር፣ አይኦ ኤፒክ የተባለውን አማራጭ አብርቶ ይጫን፤ ቆይቶ ኮሮቹን ሁለት አድርጎ ምን እንደሚታይ ይመልከት።

ስለ ነምፕሮክ የሚነገረውን ግን አትመኑ። ቡት ዶት አይኤንአይ በተባለው ፋይል ውስጥ የሚጻፈው ይህ ትእዛዝ የተደበቁ ኮሮችን ይቀሰቅሳል የሚል እምነት በሰፊው ተሰራጭቶ ነበር። ትእዛዙ የሚሠራው ተቃራኒውን ነው፤ ስርዓቱ የሚጠቀምባቸውን ፕሮሰሰሮች ቁጥር ይገድባል።

ለፊዚክስ ተማሪ ይበልጥ የሚያስገርመው ሁለተኛው ኮር ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው። በአትሎን 64 ኤክስ 2 ውስጥ እያንዳንዱ ኮር የራሱን ምት የሚቆጥርበት ቆጣሪ አለው። ኮሮቹ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነታቸውን ሲቀንሱ ቆጣሪዎቹ ይለያያሉ። አንድ ፕሮግራም የመነሻውን ሰዓት ከአንዱ ኮር፣ የመድረሻውን ከሌላው ቢያነብ በመካከል ያለፈው ጊዜ ከዜሮ በታች ሆኖ ሊወጣ ይችላል። አንስታይን በዚህ የሉበትም። የጊዜ ልዩነት ለሚለካ መሣሪያ ግን ይህ ቀልድ አይደለም፤ ስሕተቱ ሳይታወቅ ወደ ውጤቱ ሰንጠረዥ ይገባልና። መድኃኒቱ በዚያው በቡት ዶት አይኤንአይ ውስጥ ዩዝፒኤምታይመር የሚለውን ትእዛዝ መጨመር ነው። ያን ጊዜ ኤክስፒ ለሁለቱም ኮሮች የጋራ የሆነውን፣ በሴኮንድ 3,579,545 ጊዜ የሚመታውን ሰዓት ይጠቀማል። ይህ ሰዓት ለማንበብ የዘገየ ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ ኮሮች የሚስማሙበት ነው።

ሁለት ኮር ሥራን በእጥፍ ያፈጥናል ወይ? ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበው ስሌት አጭር ነው። 100 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ አለ እንበል፤ 60ው ደቂቃ ሊከፋፈል የሚችል፣ 40ው ግን አንዱ እርምጃ የሌላውን ውጤት የሚጠብቅበት። በሁለት ኮር 70 ደቂቃ፣ በአራት ኮር 55 ደቂቃ ይፈጃል። ሺህ ኮር ቢጨመር ከ40 ደቂቃ አይወርድም። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን የመለኪያ ፕሮግራሞች ደግሞ ጨርሶ እንዲከፋፈሉ ሆነው አልተጻፉም። እንዲህ ያለ ፕሮግራም በሁለት ኮር ማሽን ላይ አቅሙን አሟጥጦ ሲሠራ ታስክ ማኔጀር 50 በመቶ ብቻ ያሳያል፤ ማሽኑ ሰንፎ ሳይሆን ሌላኛው ኮር የሚሠራው አጥቶ ነው።

ጥቅሙ በሌላ በኩል ይገኛል። በታስክ ማኔጀር ሴት አፊኒቲ በተባለው ምርጫ መረጃ ሰብሳቢውን ፕሮግራም በአንዱ ኮር፣ ግራፍ የሚሥለውንና ፋይል የሚጽፈውን በሌላው ላይ መመደብ ይቻላል፤ ያን ጊዜ አንዱ የሌላውን ተራ አይሻማም። ከባዱ ትንተና በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራ። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ስላቆመ፣ ማሽኑ ከኢንተርኔት ተለይቶ፣ መረጃው ቫይረስ በተፈተሸ ፍላሽ ዲስክ ቢወጣ ይመረጣል።