የግድግዳ ወረቀት፦ ኪሳራው ያለው ከአቆራረጡ ላይ ነው

ለእንግዳ ማረፊያ፣ ለቢሮ ወይም ለሚከራይ ቤት የግድግዳ ወረቀት ለማልበስ የሚነሳ ባለሀብት አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከረው በአንድ ጥቅል ዋጋ ላይ ነው። ገንዘቡ የሚባክነው ግን ከሱቁ ይልቅ በቆራጩ እጅ ነው።

ስሌቱን እንመልከት። በአውሮፓ ልክ የሚመረት አንድ ጥቅል ስፋቱ 53 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 10.05 ሜትር ሲሆን 5.3 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። 4 ሜትር በ3.50 የሆነ፣ ከፍታው 2.60 ሜትር የሆነ ክፍል ግድግዳው በርና መስኮት ሳይቀነስ 39 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ 8 ጥቅል ይበቃል ያሰኛል። ሠራተኛው ግን የሚቆርጠው በካሬ ሳይሆን በቁመት ነው። ከላይና ከታች 5፣ 5 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ሲተው እያንዳንዱ ቁራጭ 2.70 ሜትር ይሆንና ከአንድ ጥቅል 3 ብቻ ይወጣል። የክፍሉ ዙሪያ 29 ቁራጭ ስለሚፈልግ የሚገዛው 10 ጥቅል ነው። ከየጥቅሉ የሚተርፈው 1.95 ሜትር ከበር በላይና ከመስኮት በታች ይውላል።

ባለ አበባ ወረቀት ሲሆን ሂሳቡ ይከፋል። ከፍታው 3.20 ሜትር በሆነ ክፍል አበባው በየ64 ሳንቲ ሜትር የሚደጋገም ከሆነ፣ ለማጋጠም ሲባል ቁራጩ 3.84 ሜትር ይሆናል። ከጥቅሉ 2 ብቻ ስለሚወጣ 10 የነበረው 15 ይሆናል። ጎድሎ በኋላ የሚገዛው ጥቅል ደግሞ መለያው ላይ ያለው የምርት ቁጥር ከተለየ ቀለሙ ላይገጥም ይችላል።

ያ የ5 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ብክነት የሚመስላቸው አሉ። ኮርኒሱ ከጥግ እስከ ጥግ 2 ሳንቲ ሜትር ቢያዘነብል ግን በልኩ የተቆረጠ ወረቀት ሙሉ በሙሉ ይጣላል። በነባር የጭቃ ቤቶች ደግሞ ቀጥ ያለ ማዕዘን ማግኘት ብርቅ ነው። ስለሆነም የመጀመሪያው ቁራጭ በቱምቢ ይሰቀላል እንጂ በግድግዳው ጥግ አይመራም። ጥግ ላይ ሲደርስም ወረቀቱ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ አልፎ ይቆረጥና ቀጣዩ በአዲስ የቱምቢ መስመር ይደረብበታል።

ትርፉ የሚቆረጠው ወረቀቱ ከተለጠፈና ከተዳመጠ በኋላ ነው። ሰፊ ስፓቱላ ኮርኒሱና ግድግዳው በሚገናኙበት መስመር ላይ ተጭኖ ይያዛል፤ ከተሩም የስፓቱላውን ጠርዝ ተከትሎ ይሄዳል። ስፓቱላው ወደፊት ሲገፋ ምላጩ ካለበት አይነሳም፤ ከተነሳ መጋጠሚያው ላይ ጥርስ ይቀራል። ከታች በዞኮሎው በኩልም አሠራሩ ያው ነው። የራሰ ወረቀት በደነዘዘ ምላጭ ይቀደዳል እንጂ አይቆረጥም፤ ስለዚህ ከአንድ ወይም ከሁለት ቁራጭ በኋላ የምላጩ ጫፍ ይሰበራል። (ምላጩ እየተሰበረ የሚታደሰውን ከተር ጃፓናዊው ዮሺዮ ኦካዳ እ.ኤ.አ. በ1956 የሠራው የቸኮሌትን መሰባበሪያ መስመር አይቶ ነው።) በምላጭ የሚቆጥብ ሠራተኛ የሚያባክነው የባለቤቱን ጥቅል መሆኑን ልብ ይሏል። ወረቀቱ በጣም ከራሰ በመቀስ ጀርባ መስመሩን አስምሮ፣ ጠርዙን ገለጥ አድርጎ በመቀስ መቁረጥ ይሻላል።

በሶኬትና በማብሪያ ማጥፊያ ዙሪያ መብራቱ ከቆጣሪው ይጠፋል፤ ክዳኑ ይፈታል፤ ወረቀቱ ከመሐል ወደ አራቱ ማዕዘን ተሰንጥቆ ጠርዙ ከክዳኑ ሥር እንዲገባ ይደረጋል። ኮርኒስ ላይ የነካ ኮላ ሳይደርቅ በእርጥብ ስፖንጅ ይጠረጋል።

በእኛ ግምት ለሠራተኛ በጥቅል ቁጥር መክፈል ብክነትን ይጋብዛል፤ በግድግዳ ካሬ መዋዋል ይመረጣል። ወረቀት ሲደርቅ ሊኮማተርና መጋጠሚያው ሊከፈት ስለሚችል ርክክቡ በማግስቱ ይሁን። በዚያን ጊዜ መብራት ከጎን አብርቶ የኮርኒሱን መስመርና መጋጠሚያዎቹን ማየት፣ የተረፈውንም ጥቅል ከነመለያው ተቀብሎ ማስቀመጥ ነው።